ማሽላ የጠራው፣ አቀንጭራ የሰማው

አቀንጭራ በራሱ ሥር ውኃና ምግብ ፈልጎ የማይኖር፣ ከሌላ ተክል ሥር ላይ ተጣብቆ እየመጠጠ የሚያድግ ጥገኛ አረም ነው። በወሎ ቆላዎች፣ በራያና ቆቦ፣ በትግራይና በሐረርጌ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ለማያውቀው ሰው ያምራል። ለሚያውቀው ግን ያ አበባ የዘገየ መርዶ ነው። አረሙ ብቅ ከማለቱ በፊት ከአራት እስከ ሰባት ሳምንት ያህል ከአፈር በታች ይቆያል፤ ዋናውን ጉዳት የሚያደርሰውም በዚያ ጊዜ ነው። ማሽላው መሬቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ ውኃ እንደተጠማ ይጠወልጋል፣ ቁመቱ ያጥራል፣ ዛላው ይመነምናል ወይም ጨርሶ አይወጣም። ገበሬው ዝናቡ አንሶ ይሆን እያለ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ሌባው ከእግሩ ሥር ነው። ክፉኛ በተወረረ ማሳ ላይ ምርቱ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል።

በአዲስ አበባ ከቂርቆስ ወደ ደቡብ ሲኬድ የሚገኘው የጎተራ ሰፈር ስሙን ያገኘው እዚያ ከተሠሩት የእህል ማከማቻዎች ነው። ለከተማው ሰው የእህል ነገር የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ቦታ ይመስላል፤ ከዚያ በፊት ያለው ታሪክ አይታየውም። የማሽላና የአቀንጭራ ታሪክ ግን ከጎተራም፣ ከአውድማም፣ ከማሳው ገጽም በታች የሚጀምር ነው። በሥርና በአፈር መካከል የሚካሄድ የኬሚካል ንግግር አለ፤ አቀንጭራ የሚኖረው ያንን ንግግር አድብቶ በመስማት ነው። ባለፉት ስድሳ ዓመታት ሳይንስ ይህን ንግግር ከሞላ ጎደል ቃል በቃል መፍታት ችሏል፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ያላቸው ድርሻ ትልቅ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአቀንጭራ ዘር የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ በመዳፍ ሲያዝ ዱቄት ይመስላል። አንዲት ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከ100,000 የሚበልጥ ዘር ትጥላለች። ዘሩ በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ይሁን እንጂ በውስጡ የያዘው ስንቅ ከምንም አይቆጠርም። ከበቀለ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጣበቅበት ሥር ካላገኘ ይሞታል። ስለዚህ እንደ ሌላው ዘር ዝናብ ስለጣለ ብቻ አይበቅልም። በመጀመሪያ አንድ ሁለት ሳምንት በሞቀና በረጠበ አፈር ውስጥ ይሰነብታል፤ ከዚያ ምልክት ይጠብቃል። ምልክቱ ከሕያው ሥር የሚወጣ ኬሚካል ነው፤ ያውም ሥሩ በጥቂት ሚሊ ሜትሮች ርቀት ላይ ሲሆን ብቻ የሚደርስ። ምልክቱ ከመጣ ዘሩ ይነቃል፤ ካልመጣ ለከርሞ ይተኛል።

የዚህ ኬሚካል የመጀመሪያው ዓይነት የተገኘው በ1966 አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ስሙም ከአቀንጭራ ሳይንሳዊ ስም ተወስዶ ስትሪጎል ተባለ። የተገኘው ከማሽላ ሳይሆን ከጥጥ ሥር መሆኑ ደግሞ ነገሩን ግራ አጋቢ አደረገው። አቀንጭራ ጥጥን አያጠቃም። ታዲያ ጥጥ የአቀንጭራን ዘር የሚቀሰቅስ ኬሚካል ለምን ያመነጫል? ማሽላስ ቢሆን ጠላቱን የሚጠራ ነገር ከሥሩ የሚለቀው ለምን ነው? ራሱን የሚጎዳ ባሕርይ በተክል ዘር ውስጥ በሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሊቆይ አይገባም ነበር። ይህ ጥያቄ አርባ ዓመት ያህል ያለ መልስ ቆየ።

መልሱ በ2005 ከጃፓን መጣ። በኦሳካ የሚገኙ ተመራማሪዎች ያው የኬሚካል ቤተሰብ፣ ዛሬ ስትሪጎላክቶን ተብሎ የሚጠራው፣ በአፈር ውስጥ ያለ ጠቃሚ ፈንገስን እንደሚጠራ አሳዩ። ፈንገሱ ኬሚካሉን ሲያገኝ ከፀጉር የቀጠኑ ክሮቹ ብዙ ቅርንጫፍ እያወጡ ይስፋፋሉ፤ ወደ ሥሩም ይጠጋሉ። ማሽላው የሚጠራው እንግዲህ ወዳጁን ነበር። አቀንጭራ ለሌላ የተላከውን ጥሪ ጠልፎ የሚሰማ ነው።

ይህ የፈንገስና የሥር ወዳጅነት ማይኮራይዛ ይባላል፤ ስሙ በግሪክኛ ፈንገስና ሥር ከሚሉ ቃላት የተገጠመ ነው። በምድር ላይ ካሉ ተክሎች አብዛኞቹ ከእንዲህ ያለ ፈንገስ ጋር ተወዳጅተው ይኖራሉ፤ ወዳጅነቱ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው የድንጋይ ቅሪቶች ይመሰክራሉ። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ቡና ሁሉም የዚህ ማኅበር አባላት ናቸው። የማኅበሩ ውል ቀላል ነው። ተክሉ በፀሐይ ብርሃን ከሠራው ስኳርና ቅባት ለፈንገሱ ይሰጣል፤ ፈንገሱ ደግሞ ከአፈር ፎስፈረስ ለቅሞ ያመጣለታል። ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ እንደ ናይትሮጅን በውኃ እየሟሟ የሚጓዝ አይደለም፤ ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ የሚቀር ነው። ሥሩ በዙሪያው ያለውን ጥቂት ፎስፈረስ ከጨረሰ በኋላ ጎረቤቱ ላይ ያለውን ማግኘት አይችልም። የፈንገሱ ክሮች ግን ሥሩ ከማይደርስበት፣ ከማይገባበት ስንጥቅ ገብተው ያመጡለታል። ብረት በበዛባቸውና በኮመጠጡ የኢትዮጵያ ቀይ አፈሮች ፎስፈረስ ይበልጥ ስለሚታሰር ይህ ወዳጅነት ሕይወት ነው ማለት ይቻላል።

ተክሉ ስትሪጎላክቶን የሚያበዛው መቼ እንደሆነ ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ፎስፈረስ ሲያንሰው ነው፤ በማሽላ ደግሞ ናይትሮጅን ሲያንሰውም ጭምር። የጠገበ ሥር አይጣራም፤ የተራበ ሥር ነው የሚጣራው። አቀንጭራ በለማ መሬት ላይ የሚመነምነውና በደከመ መሬት ላይ የሚፋፋው በዚህ ምክንያት ነው። ገበሬዎች መሬቱ ሲያረጅ አቀንጭራ ይበዛል ሲሉ የኖሩት ትክክል ነበር፤ ሳይንስ የጨመረው ምክንያቱን ነው። ድህነት ድህነትን ሲወልድ በአፈር ውስጥ የሚታየው እንዲህ ሆኖ ነው፦ የተራበው አፈር የተራበ ማሽላ ያበቅላል፣ የተራበው ማሽላ ይጣራል፣ ሌባው ይመጣል፣ ምርቱ ሲጠፋ ገበሬው ለከርሞ ማዳበሪያ የሚገዛበት ገንዘብ አይኖረውም።

በ2008 አንድ ተጨማሪ ነገር ታወቀ። በፈረንሳይና በጃፓን የሚመሩ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ስትሪጎላክቶን ከሥር ወደ ውጭ የሚለቀቅ ጥሪ ብቻ ሳይሆን በተክሉ ውስጥም የሚሠራ ሆርሞን መሆኑን በአንድ ጊዜ አስታወቁ። ሆርሞን ማለት በጣም ጥቂት ሆኖ የተክሉን አካል የሚያዝ መልእክተኛ ነው። ተክል እግር የለውም፤ ሲርበው ወይም ሲጠማው ወደ ተሻለ ቦታ አይሄድም። የሚያደርገው ቅርጹንና ሥራውን መለወጥ ነው፤ ይህን የሚያስተላልፉለት ሆርሞኖቹ ናቸው። ኦክሲን ግንዱን ወደ ብርሃን ያጎነብሳል፤ ጂበሬሊን ቁመት ይጨምራል። (ጂበሬሊን ራሱ የተገኘው በፈንገስ በኩል ነው፦ በ1926 አንድ ጃፓናዊ ተመራማሪ ሩዝን ከመጠን በላይ አስረዝሞ የሚጥለው በሽታ የሚመጣው ፈንገሱ ከሚያመነጨው ነገር መሆኑን አሳይቷል።) ስትሪጎላክቶን ደግሞ ቅርንጫፍ ይከለክላል። አፈሩ ፎስፈረስ ባነሰው ጊዜ ይኸው አንድ ሆርሞን በውስጥ አዲስ ቅርንጫፍና ቀንበጥ እንዳይወጣ እያዘዘ ወጪ ይቆጥባል፣ በውጭ ደግሞ ፈንገሱን እየጠራ ገቢ ይፈልጋል። በችጋር ጊዜ አስተዋይ የቤት እመቤት የምታደርገውም ይኸንኑ ነው።

አቀንጭራ ይህን ጥሪ የሚሰማበት ጆሮ ምን እንደሆነ በ2015 ተገኘ። ተክሎች ሁሉ ከሰደድ እሳት በኋላ የጭስን ኬሚካል የሚለዩበት አንድ ዓይነት ተቀባይ ፕሮቲን አላቸው። አቀንጭራ ከዚህ ቤተሰብ 11 ተቀባዮች አሉት፤ ከነሱም አብዛኞቹ ስትሪጎላክቶንን ለመስማት የተለወጡ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ እጅግ በረቀቀ መጠን፣ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከአንድ ግራም ቢሊዮንኛ በታች ቢኖር እንኳ፣ ምልክቱን ይለያል። ከዚህ የሰላ ጆሮ በተክል ዓለም ማግኘት ያስቸግራል።

ከተጣበቀ በኋላ የሚያደርገው ደግሞ ከሌላ ሆርሞን ጋር የተያያዘ ነው። ውኃ ሲያንስ ተክሎች አብሲሲክ አሲድ የተባለውን ሆርሞን ያበዛሉ፤ ሆርሞኑም በቅጠል ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያስዘጋል፣ ውኃው በትነት እንዳይወጣ። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ2019 ይፋ እንዳደረጉት አቀንጭራ ለዚህ ሆርሞን ትእዛዝ ደንቆሮ ነው፤ ትእዛዙን የሚያግድ የተለወጠ ፕሮቲን አለው። ቀዳዳዎቹ ክፍት ስለሚሆኑ ውኃው ከማሽላው ወደ እሱ ሳያቋርጥ ይፈስሳል። ድርቅ ባለበት ዓመት ማሽላው ዘግቶ ሲቆጥብ አቀንጭራው ከፍቶ ይጠጣል። በቆቦ ሜዳ ድርቅና አቀንጭራ በአንድ ዓመት ሲመጡ ጉዳቱ የሚከፋው ስለዚህ ነው።

ጠላትን በራሱ ጆሮ መያዝ ይቻላል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ1956 በካሮላይና የበቆሎ ማሳዎች አቀንጭራ ተገኘ። መንግሥት አካባቢውን ከልሎ ኤትሊን የተባለውን ጋዝ ወደ አፈር በማሽን አስገባ። ኤትሊንም የተክል ሆርሞን ነው፤ የአቀንጭራን ዘር ይቀሰቅሳል። ዘሩ ሥር ሳይኖር በቅሎ በረሃብ ይሞታል፤ ይህ ከንቱ ብቅለት ሊባል ይችላል። አረሙም በዓመታት ብዛት ከዚያ አገር ጠፋ ለማለት የሚያስችል ደረጃ ላይ ደረሰ። ይህ ጋዝ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። በጁስ ቤቶቹ የሚፈጨው ሙዝ አብዛኛው ከአርባ ምንጭ ጥሬውን ተጭኖ ይመጣል፤ በአዲስ አበባ መጋዘኖች ሲበስል የኖረውም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ላምባ እየነደደ ነው። ሙዙን የሚያበስለው ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ኤትሊን ጭምር ነው። በ1901 አንድ የሴንት ፒተርስበርግ ተማሪ የአተር ቡቃያዎቹ ለምን ያለ ወጉ እንደሚጣመሙ ሲመረምር ምክንያቱ ከጋዝ መብራት የሚያመልጥ ኤትሊን መሆኑን ደርሶበት ነበር። ኤትሊንን በማሳ አፈር ውስጥ ማስገባት ግን ማሽን፣ ገንዘብና ጠንካራ የመንግሥት ቁጥጥር ይጠይቃል። ግማሽ ሄክታር ላለው የወሎ ገበሬ አይሆንም። በሳዑዲ ዓረቢያ የሚገኙ ተመራማሪዎች ስትሪጎላክቶንን የሚመስሉ ርካሽ ኬሚካሎች ሠርተው በቡርኪና ፋሶ ማሳዎች ላይ ሞክረዋል፤ ሰብሉ ከመዘራቱ በፊት በዝናብ ወቅት መጀመሪያ ሲረጩ የአቀንጭራው ቁጥር ቀንሷል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ነገር ግን ገና በየገበሬው እጅ የደረሰ አይደለም።

ለአፍሪካ ገበሬ የሚሆነው መፍትሔ በዘሩ ውስጥ ያለ መሆን ነበረበት። ይህን መንገድ የከፈቱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው። በ1950 በምዕራብ ሸዋ ወሎንኮሚ ተወለዱ፤ በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተምረው በ1973 ከአለማያ ኮሌጅ ተመረቁ፤ በ1978 በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያዙ። በሱዳን ሲሠሩ ድርቅ የሚቋቋመውን ሐጊን ዱራ አንድ የተባለ ዲቃላ ማሽላ አወጡ። ወደ ፐርዱ ከተመለሱ በኋላ ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር የአቀንጭራን ጉዳይ ያዙት። ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ ማሽላውን በተወረረ ማሳ ላይ ዘርቶ የቆመውን መምረጥ ነበር፤ ማሳው ግን እኩል አይወረርም፤ በአንድ ጥግ የቆመ ማሽላ የተቋቋመ ይሁን ያልተነካ አይታወቅም። እነሱ ነገሩን በአንድ ሰሃን ውስጥ አደረጉት። የአቀንጭራን ዘር ጄሊ መሰል በሆነ አጋር ላይ በትነው አንድ የማሽላ ዘር ያበቅላሉ፤ ከዚያ ከሥሩ ምን ያህል ርቀት ላይ ያለ የአቀንጭራ ዘር እንደበቀለ ይለካሉ። ጮክ ብሎ የሚጣራው ማሽላ ከሩቅ ያለውን ይቀሰቅሳል፤ ድምፁን ዝቅ ያደረገው ከሥሩ አጠገብ ያለውን እንኳ አይቀሰቅስም። ሁለተኛው ነው የሚፈለገው። ብልሃቱ ቀላል መሆኑ ነው ኃይሉ፤ ማንኛውም ድሃ የምርምር ማዕከል ሊሠራው ይችላል።

በዚህ መንገድ የተመረጡት ዝርያዎች ወደ አገር ቤት ገቡ። በ1994 ስምንት ቶን የሚሆን ዘር ለአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ። በኢትዮጵያም በ2000 ገደማ ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ሁለት ዝርያዎች ተለቀቁ፤ ብርሃን የተባለው ተከተላቸው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ለዚህ ሥራ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳይ አገኙ።

ማሽላው ድምፁን እንዴት ዝቅ እንዳደረገ የታወቀው ዝርያዎቹ ገበሬ እጅ ከደረሱ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ2017 ዳንኤል ጎበና፣ ተስፋዬ መንግስቴ፣ ገቢሳ እጀታና ባልደረቦቻቸው ምስጢሩ በአንድ ጂን ላይ መሆኑን አሳተሙ። ጂኑ የጎደለው ማሽላ ስትሪጎላክቶን ማምረቱን አላቆመም፤ የሚያመርተውን ዓይነት ነው የለወጠው። አቀንጭራን አጥብቆ በሚቀሰቅሰው ዓይነት ፋንታ ኦሮባንኮል የተባለውን ይለቃል፤ አቀንጭራ ይህን ደህና አድርጎ አይሰማውም፤ ፈንገሱ ግን ይሰማዋል። ወዳጁን እየጠራ ከሌባው የሚሰወርበት ቋንቋ አገኘ ማለት ነው። ይህን ያደረገው ላቦራቶሪ አይደለም፤ ተፈጥሮና የአፍሪካ ገበሬ ናቸው። በ2020 የወጣ ጥናት ይህ የጂን ለውጥ ያላቸው ነባር ማሽላዎች አቀንጭራ በሚበዛባቸው የአፍሪካ አካባቢዎች ተሰራጭተው እንደሚገኙ አሳይቷል። በዚያው ጥናት ጂኑ ሲጠፋ በማሽላው ምግብ አሠራር ላይ ትንሽ ኪሳራ እንደሚያስከትልም ተጠቁሟል፤ አቀንጭራ በሌለበት ቦታ ለውጡ ያልተስፋፋው ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ድርቅም ቢሆን የኢትዮጵያ ነባር ማሽላ ለዓለም የሰጠው አለ። ዝናብ ቀድሞ ሲቋረጥ ቅጠሉ ሳይደርቅ ለምለም ሆኖ ፍሬውን የሚሞላ ማሽላ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ለዝርያ ማሻሻል ዋና ምንጭ ሆኗል፤ ይህም ቢ35 የተባለው መስመር ከኢትዮጵያ ነባር ማሽላ የተገኘ ነው። ምስጢሩ አስቀድሞ በመቆጠብ ላይ ነው፦ ቅርንጫፉንና ቅጠሉን በልክ አድርጎ ውኃውን ለፍሬ ጊዜ ያቆያል።

ዝርያ ብቻውን ግን አይበቃም። አቀንጭራ ዘሩ ብዙ፣ ዓይነቱም ብዙ ስለሆነ ለአንድ ጂን መላ የሚያገኝ ከመካከሉ ሊነሣ ይችላል። ቀጣዩ ምርምር ስለዚህ ወደ አፈሩ ነዋሪዎች ዞሯል። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከኔዘርላንድና ከአሜሪካ ተመራማሪዎች ጋር በአንድ ፕሮጀክት ተባብሮ በማሽላ ሥር ዙሪያ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያንን ሲያጠና ቆይቷል። ከዚህ ሥራ የወጣውና በ2024 የታተመው ጥናት እንዲህ ያሳያል። ማሽላ ረቂቅ ተሕዋስያኑ በሕይወት ባሉበት አንድ አፈር ላይ ሲያድግ፣ ተሕዋስያኑ በተገደሉበት ያው አፈር ላይ ካደገው ይልቅ አቀንጭራ የሚጣበቅበት ያንሳል። ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። አቀንጭራ ከበቀለ በኋላ መጥመጫውን ለማውጣት ከሥሩ የሚመጣ ሁለተኛ ኬሚካል ያስፈልገዋል፤ ከባክቴሪያዎቹ አንዳንዶቹ ያን ኬሚካል ይበሉታል። በተጨማሪም ሥሩ በተሕዋስያኑ ምክንያት የውስጥ ግድግዳውን ቡሽ መሰል በሆነ ነገር ይለብጣል፣ የአየር ክፍተቶችም ያበጃል፤ ሰርጎ ለመግባት የሚሞክረው አቀንጭራ ከሥሩ የውኃ ቧንቧ በቀላሉ አይደርስም። የመጀመሪያው መከላከያ ጥሪውን መለወጥ ነበር፤ ይህ ደግሞ በሩን ማጠናከር ነው፤ ሁለቱ ቢደራረቡ የሚሻል ነው።

ሌሎች ጠቃሚ ባክቴሪያዎች በተክሉ ሆርሞን ላይ ቀጥታ ይሠራሉ። ድርቅ ወይም ጨው ሲያስጨንቀው ተክል ኤትሊን ያበዛል፤ ሲበዛ የሥሩን ዕድገት ይገታል። አንዳንድ የሥር ባክቴሪያዎች ኤትሊን የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ አስቀድመው ስለሚበሉት ሥሩ በጭንቀት ውስጥም ያድጋል። በኢትዮጵያ ገበሬ እጅ በስፋት የደረሰው ጠቃሚ ባክቴሪያ ግን የጥራጥሬው ራይዞቢየም ነው። በባቄላና በሽምብራ ሥር ላይ እንክብል ሠርቶ ከአየር ናይትሮጅን ይይዛል፤ መናገሻ ባዮቴክን በመሰሉ አምራቾች ተዘጋጅቶ በከረጢት ይሸጣል። ሕያው ነገር ስለሆነ እንደ ማዳበሪያ ከረጢት በፀሐይ ላይ ተጥሎ አይቆይም፤ ከዘሩ ጋር በጥላ ሥር፣ በስኳር ውኃ ተለውሶ ወዲያው በእርጥብ መሬት ይዘራል። ጥራጥሬን ከማሽላ ጋር ማፈራረቅ ደግሞ ሁለት ጥቅም አለው፦ ናይትሮጅን ይጨምራል፤ እንደ አኩሪ አተር ያሉት ደግሞ ልክ እንደ ጥጥ የአቀንጭራን ዘር በከንቱ ያበቅሉታል።

በኢትዮጵያ ማሳዎች ላይ የተሻለ ውጤት የታየው እነዚህ በአንድነት ሲሠሩ ነው፦ የሚቋቋም ዝርያ፣ መጠነኛ ማዳበሪያ፣ በትልሞች መካከል በየጥቂት ርምጃው አፈር ከምሮ ውኃ ማቆር። ዝርያው ጥሪውን ይለውጣል፤ ማዳበሪያው ረሃቡን ያስታግሣል፤ የቆረው ውኃ ማሽላውን ከድርቅ ይጠብቃል። የሚያዳግተው ረሃቡን ማስታገሡ ነው። በደጋውም በቆላውም ማገዶ ስለሌለ የከብት እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ አገዳው ከብት ይበላዋል ወይም ይማገዳል፤ ወደ አፈሩ የሚመለስ ጥቂት ነው። ማገዶ የሚሆን ዛፍ መትከል ስለዚህ ከአቀንጭራ ጋር የሚደረግ ትግል አካል ነው፤ እበቱ ማሳው ላይ የሚቀረው ያኔ ነው። ከዚህ በተጨማሪ የእጅ ሥራ አለ። አበባ የያዘውን አቀንጭራ ዘር ሳይጥል ነቅሎ ማቃጠል ለዚያ ዓመት ምርት የሚጨምረው እምብዛም የለም፤ ማሽላው አስቀድሞ ተጎድቷል። የሚቀንሰው ከአፈር ውስጥ ገብቶ ከአሥር ዓመት በኋላ ሊበቅል የሚጠብቀውን ዘር ነው።